ላንድክሩዘር ከፍ ለማስደረግ ጋራዥ ስትፈልጉ

ሃርድቶፕ ላንድክሩዘራችሁን ከመሬት ከፍ ላስደርገው ካላችሁ፣ ጋራዡን በማስታወቂያ አትምረጡ። ዳናኪልና ኦሞ የሚመላለሱ የቱር ሹፌሮችን ጠይቁ። መኪናቸው በረሃ ላይ ቢቆም ቶሎ የሚደርስላቸው የለም፤ ስለዚህ የማይረባ እጅ አያስጠጉም። የሁለት ሦስት ሹፌር አፍ አንድ ጋራዥ ላይ ከገጠመ እዚያ ሂዱ።

ሥራ ከማዘዛችሁ በፊት መካኒኩን ይህን ጠይቁት፦ «5 ሳንቲሜትር ከፍ ብናደርገው ሌላ ምን ይነካል?» ደህና ባለሙያ ስለ ሞላና አሞርዛተር (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው ዕቃ) ብቻ አያወራም። የፍሬን ቱቦው ርዝመት ይበቃል ወይ ብሎ ያያል። የፊት አክስሉ አቀማመጥ ስለሚዛባ መሪው ሊዋዥቅ እንደሚችል፣ መስተካከልም እንዳለበት ይነግራችኋል። «ምንም አይነካም፣ ነገ ውሰደው» ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

ባሌስትራ (የተደራረበውን የብረት ሞላ) በእሳት አሙቆ የሚያጎብጥ ቤት ደግሞ በጭራሽ! ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል፤ ጭነት ሲያገኘው ይረግባል ወይም ይሰበራል። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ።

ዕቃውን ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ሰፈር፣ ራሳችሁ ብትገዙም፣ ከመገጠሙ በፊት ለመካኒኩ አሳዩት። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። ሂሳቡን በአንዴ አትጨርሱ። መካኒኩን አሳፍራችሁ ኮረኮንች ላይ ንዱት፣ ፍሬን ያዙ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙሩት፤ ቀሪውን ከዚያ በኋላ ክፈሉ። ከፍ ያለ መኪና ዓመታዊ ምርመራውን ያልፍ እንደሆነ ግን ሥራው ሳይጀመር ምርመራ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቦሎ ሲደርስ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።