የድሮ ሚዲየም ፎርማት ሌንስን በዲጂታል ካሜራ ላይ አዘንብሎና አንሸራትቶ መጠቀም እንዴት ይቻላል?

ረጅም ሕንፃ ካሜራን ቀና አድርገው ሲያነሱት ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ። ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ዕቃ ሲያነሱ ደግሞ የፊተኛው ሲጠራ የኋለኛው ይደበዝዛል። የመጀመሪያውን ችግር ሌንሱን ከሴንሰሩ (ምስሉን ከሚቀበለው የካሜራው ክፍል) አንጻር ማንሸራተት (ሺፍት)፣ ሁለተኛውን ማዘንበል (ቲልት) ይፈታዋል። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ሌንሶች ዋጋቸው አይቀመስም። በፊልም ዘመን ለሚዲየም ፎርማት ካሜራ (ከተራው የሚሰፋ ፊልም ለሚጠቀም) የተሠራ ሌንስና ደህና አዳፕተር (ሌንሱን ከሌላ ካሜራ ጋር የሚያገናኝ መግጠሚያ) ግን አብዛኛውን ሥራ በጥቂት ወጪ ይሠራሉ።

ነገሩ የሚሠራው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሌንስ ወደ ካሜራው ውስጥ የሚጥለው ምስል ክብ ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 24 በ36 ሚሊሜትር ሲሆን ከጥግ እስከ ጥግ 43 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለእሱ የተሠራ ተራ ሌንስ ክቡ ከዚያ ብዙም አይተርፍም። ማሚያ 645 ለተባለው ሚዲየም ፎርማት ካሜራ የተሠራ ሌንስ ግን ወደ 70 ሚሊሜትር፣ ለ6 በ6 ሴንቲሜትር ፊልም የተሠራው ደግሞ ወደ 79 ሚሊሜትር መሸፈን ነበረበት። የአባቱን ጋቢ የለበሰ ሕፃን ቢገላበጥም አይገለጥም፤ ሴንሰሩም በዚህ ሰፊ ክብ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ቢል ጥጉ አይጨልምም።

ሁለተኛው ምክንያት ቦታ ነው። በማሚያ 645 ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 63.3 ሚሊሜትር ነው። መስታወት በሌለው የሶኒ ኢ ካሜራ ይህ ርቀት 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የአዳፕተሩ ማጠፊያና መንሸራተቻ የሚገባው በቀሪው 45 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። መስታወት ባለው የካኖን ኢኤፍ ካሜራ ላይ የሚተርፈው 19 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ይጠባል፤ ቢሆንም ይሠራል።

ሌንሱን መምረጥ

የትኩረት ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር በሆነ ሌንስ ይጀምሩ፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን እይታው ይሰፋል። የማሚያ 645 80 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 በቀላሉ ይገኛል (የኤፍ ቁጥር ባደገ መጠን የብርሃን ቀዳዳው ይጠባል)። ለፔንታኮን ሲክስ ካሜራ የተሠራው የካርል ሳይስ የና ቢዮሜታርም ጥሩ ነው፤ የኪየቭ 60 ሌንሶችም በዚያው መግጠሚያ ይገባሉ። የማሚያ አርቢ67 ሌንስ ርካሽ ሆኖ ቢያገኙት ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ፎከስ የሚደረገው በካሜራው አካል ላይ ባለው ማጠፊያ ስለሆነ ሌንሱ የራሱ የፎከስ ቀለበት የለውም።

ከመክፈልዎ በፊት ከሌንሱ በስተኋላ ባትሪ አብርተው ሻጋታ እንደሌለው ይመልከቱ። በማሚያ 645 ሌንሶች ላይ ኤ እና ኤም የሚል መቀያየሪያ አለ፤ ኤም ላይ ካልሆነ የብርሃን ቀዳዳው ቀለበቱን ቢያዞሩትም አይጠብም።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ፍላጎትዎ ሕንፃ ብቻ ከሆነ ይህ መንገድ አያረካዎትም። 80 ሚሊሜትር በፉል ፍሬም ላይ ጠባብ እይታ ነው፤ በጠባብ መንገድ ላይ ቆመው ለሚያነሱት ረጅም ሕንፃ የማሚያው 35 ሚሊሜትር እንኳ ላይበቃ ይችላል። ለዚያ ሥራ እንደ ካኖን 17 ወይም 24 ሚሊሜትር ያለ ለማዘንበልና ለማንሸራተት የተሠራ ሌንስ መከራየት ይበጃል። ለምግብ፣ ለዕቃና ለመልክዓ ምድር ግን የድሮው ሌንስ ጌታ ነው።

አዳፕተሩና ካሜራው

ሁለቱንም እንቅስቃሴ የሚያደርግ፣ ዲግሪና ሚሊሜትር የተጻፈበት፣ ብሎኑ አጥብቆ የሚይዝ አዳፕተር ይምረጡ። ሌንሱ ከባድ ስለሆነ ላላ ያለ ብሎን ፎቶ እያነሱ ቁልቁል ይንሸራተታል። እንደደረሰዎት ሁሉንም ዜሮ ላይ አድርገው ሩቅ ያለ አንቴና ላይ ፎከስ ያድርጉ። ቀለበቱ መጨረሻው ላይ ሳይደርስ አንቴናው ከጠራ ችግር የለውም፤ ጭራሽ የማይጠራ ከሆነ አዳፕተሩ ስለወፈረ ይመልሱት።

ካሜራው ሌንስ መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ በምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳትን ይፍቀዱ፣ መቆሚያ ላይ ሲሆን የንዝረት መከላከያውን ያጥፉ፣ ለፎከስ ደግሞ ምስሉን አጉልተው ይመልከቱ።

ማንሸራተት

ካሜራውን በውሃ ልክ ያስተካክሉ፣ ቀና አያድርጉት፤ ከዚያ የሕንፃው ጫፍ እስኪገባ ሌንሱን ወደ ላይ ይግፉ። ካሜራው አግድም ሲሆን የ70 ሚሊሜትሩ ክብ በስሌት እስከ 18 ሚሊሜትር ይፈቅዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ አዳፕተሩ ቀድሞ ያቆማል። ካሜራውን በቁመት አዙረው አንድ ወደ ግራ 15 ሚሊሜትር፣ አንድ መሃል፣ አንድ ወደ ቀኝ 15 ሚሊሜትር ካነሱና በኮምፒውተር ካጋጠሟቸው 54 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር እንዳለዎት ይቆጠራል። ቅርብ ያለ ነገር ከሆነ ግን የሚንቀሳቀሰው ሌንሱ መሆን የለበትም፤ ሌንሱ በሄደበት ልክ ካሜራውን በተቃራኒው ካልመለሱት ምስሎቹ አይጋጠሙም።

ማዘንበል

ረከቦት ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ሲኒዎችን እንውሰድ። ካሜራው ከሲኒዎቹ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ 45 ዲግሪ ወደ ታች ይመለከታል። ዘዴው እንዲህ ነው፦

1. ሌንሱን ዜሮ ላይ አድርገው የኋለኛውን ረድፍ ያጥሩ።
2. ሌንሱን ወደ ረከቦቱ ጥቂት ዝቅ አድርገው ያዘንብሉና የፊተኛውን ረድፍ አጉልተው ይዩ።
3. የኋለኛው ስለሚበላሽ በፎከስ ቀለበት ይመልሱት፤ ሁለቱም እስኪጠሩ 2ን እና ይህን ይደጋግሙ።
4. ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ አጥብበው ያንሱ።

ከየት እንደሚጀምሩ የሚነግር ስሌት አለ። ከሌንሱ መሃል ተነስቶ ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ የሚወርድ መስመር የሲኒዎቹን ደረጃ እስኪነካ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ በዚህ አቀማመጥ 85 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 80 ሚሊሜትርን ለ850 ሲያካፍሉ የሚገኘው የማዘንበያው ሳይን ነው፤ ማለትም ወደ 5 ዲግሪ ተኩል። ሌንሱ ሲያዘነብል የሚጠራው ወለልም አብሮ የሚያዘነብልበት ሕግ ከአየር ላይ ፎቶ ካርታ ለመሥራት ሲደክም በነበረውና በ1904 እ.ኤ.አ. ፓተንት ባገኘው ኦስትሪያዊ መኮንን በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም ይጠራል።

አንድ ነገር ግን አይርሱ፤ የሚጠራው ቀጭን ወለል እንጂ ሁሉም ነገር አይደለም። መሃል ላይ ጀበና ቢኖር ሆዱ ጠርቶ አንገቱ ሊደበዝዝ ይችላል። ጀበናውን ወደ ኋላ ወስደው ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ ያድርጉ፤ ከሴንሰሩ በራቀ መጠን የሚጠራው ውፍረት ይሰፋል። ከፎቅ ላይ ሆነው ሌንሱን በተቃራኒው አዘንብለው፣ ቀዳዳውን ከፍተው ጎዳናውን ቢያነሱ ደግሞ መኪኖቹ መጫወቻ ይመስላሉ። ደስ ይላል፤ ሲደጋገም ግን ይሰለቻል።

ፎቶዎ ግርጥት ካለ ጥፋቱ የሌንሱ ላይሆን ይችላል። ከሴንሰሩ የተረፈው ሰፊ የብርሃን ክብ የአዳፕተሩን ውስጠኛ ግድግዳ እየመታ ይመለሳል። ግድግዳውን በጥቁር ከፋይ ጨርቅ ይለብጡት፤ ሙጫው በደንብ ሳይደርቅና የረገፈው ብናኝ ሳይጠረግ ግን ካሜራው ላይ አይግጠሙት።