ሸክላ ማጫወቻ ከዋየርለስ ስፒከር ጋር አልስማማ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ የሚያወራው ስለ ዋት ብቻ ነው። ሸክላ ላይ ግን አብዛኛው ችግር ከዋት ጋር አይገናኝም፣ ስለዚ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን እዩት።

ድምፁ በጣም ትንሽ ነው፣ ቮልዩሙን ጥግ ድረስ ብትከፍቱትም ቀጭን ነው ቤዝ የለውም

ፎኖ ፕሪአምፕ (የሸክላን ደካማ ሲግናል ለአምፑ የሚያዘጋጅ ዕቃ) የለም ማለት ነው። ከካርትሪጁ (መርፌውን ከያዘው ክፍል) የሚወጣው ሲግናል፣ የተለመደው ኤምኤም (ሙቪንግ ማግኔት) ዓይነት ከሆነ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፣ የአምፑ ላይን መግቢያ (ተራው የድምፅ መግቢያ) የሚጠብቀው ግን ከዛ በመቶ እጥፍና ከዛም በላይ የሚበልጥ ነው። በዛ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ሆን ተብሎ ቤዙ ተቀንሶ ትሬብሉ ተጨምሮ ስለሆነ ወደ ቦታው የሚመልሰው ፕሪአምፑ ነው፣ ቮልዩም ብቻ መጨመር ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የማጫወቻውን ጀርባ እዩ፣ ፎኖ/ላይን የሚል ማብሪያ ካለው ላይን ላይ አድርጉትና አለቀ። ከሌለው ወይ ፎኖ መግቢያ ያለው አምፕ ወይ ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል። ውድ ስለሆነ ይኖረዋል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ሶኖስ አምፕ ራሱ በቻናል 125 ዋት አለው ፎኖ ግን የለውም።

ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ድምፁ ጯሂና የተሰነጣጠቀ ከሆነ፣ ሁለት ፕሪአምፕ ተደራርቧል። አንዱን አጥፉ።

አምፑ ብሉቱዝ አለው ግን ብሉቱዝ ስፒከሩን አያገኘውም

ይሄ ብዙ ሰው የሚናደድበት ነው። ካርቶኑ ላይ "ብሉቱዝ" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ ይቀበላል ለማለት ነው እንጂ ወደ ስፒከር ይልካል ማለት አይደለም፣ ስፒከሩም ተቀባይ አምፑም ተቀባይ ሆነው ሁለቱም እንደተፋጠጡ ይቀራሉ። ሻጩን "ይልካል ወይስ ይቀበላል?" ብላችሁ ጠይቁ። የማይልክ ከሆነ ትራንስሚተር (ለብቻው የሆነ የብሉቱዝ መላኪያ) ጨምሩ፣ ወይም ራሱ የሚልክ ማጫወቻ ግዙ፣ ለምሳሌ የኦዲዮ ቴክኒካው ኤቲ-ኤልፒ60ኤክስቢቲ ፕሪአምፕም ብሉቱዝ መላኪያም ውስጡ አለው፣ አምፕ ሳትገዙ በቀጥታ ስፒከሩን ታገኙበታላችሁ። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ማጫወቻውና ስፒከሩ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ በኬብል አድርጉት፣ ዋየርለሱ የሚጠቅመው ሌላ ክፍል ለማዳረስ ነው።

ሳሎን ያለውና መኝታ ቤት ያለው ስፒከር አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ የሚያሰማ ከሆነ አንዱ በኬብል ሌላው በዋየርለስ ስለሚሄድ ነው፣ ዋየርለስ ሁሌም ትንሽ ይዘገያል። ሁሉንም በአንድ የዋይፋይ ሲስተም አድርጉ።

እምምም የሚል ድምፅ ሙዚቃ ባይኖርም አለ

ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የግራውንድ ሽቦ አምፑ ወይም ፕሪአምፑ ላይ ካለው ብሎን ጋር እሰሩት። ቮልዩም ሲጨምር ብቻ የሚመጣ ጉርምርምታ ከሆነ ደሞ ስፒከሩን ማጫወቻው ካለበት ጠረጴዛ አውርዱት፣ ንዝረቱ በመርፌው ተመልሶ እየገባ ነው።

ዘፈኑ ይጎተታል፣ ዘፋኙም ድምፁ ወፍሯል

ከአሜሪካ የተላከ የድሮ ማጫወቻ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ አምፕ ብትቀይሩም ያው ነው። እዛ መብራቱ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል ኸርዙን ግን አይነካውም፣ ስለዚ ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ የኤሲ ሞተር ከሆነ በደቂቃ 33 ዙሩ ወደ 28 ይወርዳል። ለ50 ኸርዝ የተሰራ የሞተር ፑሊ (መዘውር) ከተገኘለት ይስተካከላል፣ ካልተገኘ ዲሲ ሞተር ያለውና አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ማጫወቻ ፈልጉ።