የሳይንቲስቶችን የግል ሕይወት አጥንቶ ለመጻፍ፦ ለታዳጊዎች የቀረበ መመሪያ

ስለ አንድ ታዋቂ ሳይንቲስት የግል ሕይወት ለመጻፍ የተነሣችሁ ታዳጊዎች፣ አስቀድማችሁ ስለ ሰውየው ከሚነገረው ሁሉ አንድ ልማድ ብቻ ምረጡ። እንግዳ የሆነን ጠባይ ሁሉ መደርደር ሰውየውን መሳቂያ ያደርገዋል፤ ከሥራው ጋር የተሳሰረ አንድ ልማድ ግን ሰውየውንም ሳይንሱንም ያስረዳል።

ለዚህ ከእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከቻርልስ ዳርዊን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዳርዊን የምድር ትሎችን አፈር በተሞሉ ማሰሮዎች አድርጎ በቤቱ ውስጥ ያኖር ነበር። ትሎቹ ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅ የብረት ፊሽካ ተነፋላቸው፤ ባሱን የተባለው ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ተሰማላቸው፤ ትንፋሽ እንዳይነካቸው ጥንቃቄ እየተደረገ ተጮኸባቸው፤ ፒያኖም በአጠገባቸው በኃይል ተመታ፤ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ማሰሮዎቹ ፒያኖው ላይ ተቀምጠው አንዱ ቁልፍ ሲመታ ግን ትሎቹ ወዲያው ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ። በአየር የሚመጣውን ድምፅ የማይሰሙት እንስሳት የጠጣር ነገርን ንዝረት አጥብቀው እንደሚያውቁ ዳርዊን ከዚህ ተረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው መጽሐፍም አሰፈረው። ይህን ስትጽፉ «ለትል ሙዚቃ ያሰማ ሰው» ብላችሁ አትለፉት። ከፊሽካው እስከ ፒያኖው ያለውን በቅደም ተከተሉ አስቀምጡ፤ አንባቢው የዳርዊንን አእምሮ የሚያየው አንዱን መንስኤ ከሌላው እየለየ በሄደበት በዚያ መንገድ ነውና።

ቀጥሎ፣ ታሪኩን መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ፖም በአይዛክ ኒውተን ራስ ላይ ወደቀ ይባላል። ኒውተን በእርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ1726፣ በአትክልት ሥፍራ ለወዳጁ ለዊልያም ስቱክሊ ያጫወተው ግን ፖም ሲወድቅ ማየቱ አሳብ እንዳጫረበት ብቻ ነው፤ ራሱን ስለመመታቱ ስቱክሊ የጻፈው ነገር የለም። አልበርት አይንስታይን በሒሳብ ወድቋል የሚለውም ሐሰት ነው፤ ገና በልጅነቱ በሒሳብ የላቀ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማስረጃው ከመቃብር ይመጣል። ዴንማርካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቲኮ ብራሄ እ.ኤ.አ. በ1566 በሰይፍ ፍልሚያ የአፍንጫውን ክፍል አጥቶ በብረት የተሠራ አፍንጫ ያደርግ ነበር፤ ብረቱም ብርና ወርቅ እንደሆነ ለዘመናት ተነግሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 በፕራግ የሚገኘው መቃብሩ ሲከፈት ግን በአፍንጫው አካባቢ አጥንት ላይ የተገኘው የመዳብና የዚንክ ቅሪት ስለነበረ፣ አፍንጫው ከነሐስ መሰል ቅይጥ የተሠራ እንደነበር ተመራማሪዎች ደመደሙ። እንዲህ ያለው እርማት ከወሬው ይልቅ ስለሚስብ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፏቸው።

ሰውየውን የምትመዝኑት በዘመኑ በሚታወቀው ነገር ይሁን። ጨረር የሚያመነጩ ንጥረ ነገሮችን ያጠናችው ማሪ ኩሪ ከባሏ ከፒየር ጋር በሌሊት ወደ ቤተ ሙከራቸው እየገባች፣ እነዚህን ንጥረ ነገሮች የያዙትንና በጨለማ የሚያበሩትን ብልቃጦች በደስታ ትመለከት ነበር። የማስታወሻ ደብተሮቿ ዛሬም ጨረር ስለሚያመነጩ እርሳስ በተባለው ከባድ ብረት በተለበጡ ሣጥኖች ተቀምጠዋል። ይህን አንብባችሁ ግዴለሽ ነበረች ብላችሁ አትፍረዱ፤ የጨረር ጉዳት በዚያን ጊዜ ገና በሚገባ አልታወቀም ነበር። ዓይን አፋርነትም እንዲሁ በአክብሮት ይነገር። እንግሊዛዊው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሊቅ ሄንሪ ካቨንዲሽ ከሰው ጋር መነጋገር እጅግ ስለሚከብደው የሚበላውን ምግብ ለሠራተኞቹ በወረቀት ጽፎ ያዝዝ ነበር። የምድርን እፍጋት በለካበት ሙከራም የሰውነቱ ሙቀት አየሩን እንዳያናውጥ መሣሪያውን በተዘጋ ክፍል አስቀምጦ ከውጭ ሆኖ በቴሌስኮፕ ይመለከት ነበር፤ ያገኘው ውጤትም ዛሬ ከሚታወቀው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ የሳይንቲስቱን ስምና የሙያውን ዘርፍ ሸፍናችሁ ለጓደኛችሁ አንብቡለት። ሰውየው ምን ያጠና እንደነበር ጓደኛችሁ ከልማዱ ብቻ ከገመተ፣ ምርጫችሁ ትክክል ነው። ካልገመተ፣ ሌላ ልማድ ፈልጉ።