ለአደን መኪና ማንዋል ይሻላል ወይስ አውቶማቲክ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው በለመደው ይፈርደዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። የት ልትሄዱበት ነው? እዚያ ቢበላሽስ ማን ይፈታዋል?

የእኛ አገር አደን ስንል የደጋ አጋዘን ያለበት የባሌና የአርሲ ተራራ አለ፤ ጭቃ፣ ዳገት፣ ብርድ። የአፋርና የኦሞ ቆላም አለ፤ ሙቀት፣ አሸዋ፣ ድንጋይ። ሁሉም ከአስፋልትም ከጋራዥም ሩቅ ነው። ስለዚህ ለሩቅ ካምፕ ከሆነ ያለ ማመንታት ማንዋል እላለሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የፍሪሲዮን ሸራ የሚቀይር መካኒክ በትንሽ ከተማም አይጠፋም። አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ግን ልዩ መሣሪያና ንጹሕ ቦታ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ተጭኖ አዲስ አበባ መምጣት አለበት፣ እስከዚያ ደግሞ የአደን ፈቃዳችሁ ቀን ይሮጣል። ባትሪ ቢሞት ወይም ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) እምቢ ቢል ማንዋሉን ገፍታችሁ ታስነሳላችሁ። አውቶማቲኩ በግፊ አይነሳም። ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ በየበረሃው የሚታመነውም ለዚህ ነው፤ ሞተሩም ካምቢዮውም ያለ ኮምፒውተር ይሠራሉ።

ቁልቁለት ላይም ማንዋል ደስ ይላል። ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታ ግን በትልቅ ጉልበት የሚያሽከረክረውን) አስገቡ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ አድርጉት፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮን አንሱ። ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። አውቶማቲክ ላይ መሪውን የያዘ ሰው ማርሹን በእጁ አንደኛ ላይ ካልቆለፈው ፍሬኑ ላይ ይንጠለጠላል፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል።

አውቶማቲክ የሚበልጥበት ቦታ ግን አለ፤ እሱን መካድ አይገባም። መረሬ ጭቃ ወይም ልል አሸዋ ውስጥ ማንዋል ነጂ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ጉልበቱ ይቋረጣል፣ መኪናው ፍጥነቱን ያጣል፣ ጎማው መስመጥ ይጀምራል። አውቶማቲክ ጉልበቱን ሳይቆርጥ ይቀይራል። ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ለመውጣትም ይመቻል። መኪናውን ሁለት ሦስት ሰው እየተፈራረቀ የሚነዳው ከሆነ፣ በተለይ ከመካከላቸው ፍሪሲዮን የማይችልበት ካለ፣ አውቶማቲክ ውሰዱ። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይዞ ጫካ ውስጥ ከማደር ይሻላል። ቶዮታ እንኳ የ70 ተከታታዩን ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ2023 ባለ 2.8 ሊትር ሞተርና ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ አድርጎ አውጥቶታል።

የአውቶማቲክ ጠላት ሙቀት ነው። ከባድ ዳገት ፎር ሎው ሳታስገቡ በቀስታ ስትወጡ የካምቢዮው ዘይት በጣም ይግላል፣ ዘይቱ ከ120 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ፎር ሎውን ከመቸገራችሁ በፊት አስገቡ። ለቆላ የምትገዙት ከሆነ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ አስገጥሙለት። የማንዋል ጠላት ደግሞ የነጂው ግራ እግር ነው። ፍሪሲዮን ላይ እግር ማሳረፍ፣ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መኪና ማቆም፣ ወንዝ መሃል ፍሪሲዮን መርገጥ፣ እነዚህን ተዉ። ውሃ ሸራው ውስጥ ከገባ ይንሸራተታል።

በኢትዮጵያ የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ የምትገዙት ምናልባት ያገለገለ ነው። ስለዚህ የካምቢዮው ዓይነት ሳይሆን ያለበት ሁኔታ ይወስናል። ንጹሕ አውቶማቲክ ካለቀለት ማንዋል ይበልጣል።

ማንዋሉን ስትፈትሹ ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊት ሰው ሳይኖር፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ሦስተኛ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሸራው አልቋል። አውቶማቲኩን ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እዩት፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ወደፊትና ወደኋላ አስገቡ። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ከተቀበለ ወይም በኃይል ከነቀነቀ ተዉት። ዘይቱ መለኪያ ካለው አውጥታችሁ አሽቱት። የተቃጠለ ከሸተተ ዋጋው ቢረክስም አትግዙ፤ የወተት መልክ ካለው ደግሞ ውሃ ገብቶበታል።