ሁሉም ሄዶ እኔ ብቻ ቀረሁ ለሚለው ስሜት ምን ይደረግ

የዛሬ ሁለት ዓመት የከተራ ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስልክ እየነካካሁ ነበር። አራቱም ጓደኞቼ ጎንደር ሄደዋል፣ እኔ የዓመት ፈቃዴን ጨርሼ ስለነበር ቀርቻለሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል፣ እኔ ግን ስቶሪ ሳገላብጥ፣ ፋሲለደስ መዋኛው ዙሪያ ሻማው፣ ነጭ ልብሱ፣ እልልታው፣ አንዷ ጓደኛዬ አዲስ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ዞር ስትል፣ እሷን ቪዲዮ ብቻ ሰባት ጊዜ ሳላያት አልቀርም። ሆዴን የሆነ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። የሚገርመው ግን ለጥምቀት ጎንደር እሄዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ሰው የበዛበት ቦታ ራሴን ነው የሚያዞረኝ።

ይሄ ነገር ፎሞ ይባላል፣ ሰው የደረሰበት ነገር እኔን አመለጠኝ የሚል ፍርሃት ማለት ነው። ቃሉን ያስለመደው ፓትሪክ ማክጊኒስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ሲማር የተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ ጻፈው። ግን የፈረንጅ በሽታ ነው እንዳትሉኝ፣ እኛ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ማለት ከጀመርን ስንት ዘመናችን። ልዩነቱ ድሮ ጥምቀት በዓመት አንዴ ነበር የሚመጣው፣ አሁን በየማታው ኪሳችን ውስጥ ጥምቀት ነው።

መጀመሪያ አንድ ሂሳብ እንስራ፣ እኔን ከምክር ሁሉ በላይ የረዳኝ እሱ ነው። 300 ሰው ፎሎው ታደርጋላችሁ እንበል። እያንዳንዱ ሰው በወር አንድ ቀን ብቻ ወጣ ብሎ ይዝናናል፣ የቀረውን 29 ቀን እንደናንተው ሽሮውን በልቶ ይተኛል። 300ን ለ30 ስታካፍሉት በየቀኑ 10 ሰው እየተዝናና ነው ማለት ነው። ስልኩን ስትከፍቱ የምታዩት እነዛን 10 ሰዎች ነው፣ ሽሮ በልተው የተኙትን 290 ማን ፖስት ያደርጋቸዋል? ነገ ደሞ ሌላ 10። ስለዚህ ሁሌ የሚዝናና ሰው የለም፣ ተራ እየተቀባበሉ ነው፣ እናንተ ግን አንድ ማክሰኞ ማታችሁን ይዛችሁ ከ300 ሰው ምርጥ ቀን ጋር ትወዳደራላችሁ።

ሂሳቡ ገብቷችሁም ሆዳችሁ መቆንጠጡን ላያቆም ይችላል። ያኔ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ትናንት፣ ይሄን ፖስት ሳላይ በፊት፣ ይሄን ነገር ፈልጌው ነበር ወይ? በቃ ይሄው ነው። እኔ ስጠይቅ ከአስር ዘጠኙ መልሱ አይደለም ነው። የእገሊት ካፌ፣ የእገሌ ቢሾፍቱ፣ ምናምን፣ ትናንት አንዱም ሃሳቤ ውስጥ አልነበረም። መልሱ አዎ ከሆነ ግን እሱ ፎሞ አይደለም፣ ፍላጎት ነው፣ ስለዚህ ቀን ቆርጣችሁ ብር አጠራቅማችሁ ሂዱ፣ እሱን በምክር ማፈን ምንም አይጠቅምም።

አንዳንዴ ደሞ ነገሩ ሌላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ፎሞን የሚለካ 10 ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፣ ያገኙት ነገር ሶስት ነገር የጎደለበት ሰው ላይ ፎሞ እንደሚብስ ነው፦ ኑሮዬን በራሴ ወስኜ እየኖርኩ ነው የሚል ስሜት፣ የምሰራውን ነገር እችለዋለሁ የሚል ስሜት፣ የምቀርበው ሰው አለኝ የሚል ስሜት። ስለዚህ ሲቆነጥጣችሁ ከሶስቱ የቱ ነው የጎደለኝ በሉ። የኔን ያወቅኩት ከጥምቀት በኋላ ጓደኛዬ ጋ ስደውል ነው። እንዴት ነበር ስላት ስለ መዋኛው ምንም አላለችም፣ አልጋ አጥተው ለአራት አንድ ክፍል እንዳደሩ፣ ጠዋት ውሃ ጠፍቶ ያደሩበት ቤት እናት በጆግ እያፈሰሱላቸው ፊታቸውን እንደታጠቡ፣ ከዛ ቁጭ አድርገው ቡና እንዳጠጧቸው ነው ያወራችኝ፣ ያ ሁሉ ደሞ ስቶሪው ላይ የለም። «አንቺ ብትኖሪ ሳቅ በሳቅ ነበርሽ» አለችኝ። ለካ እኔ የቀናሁት በጥምቀት አይደለም፣ ከነሱ ጋር ከተገናኘን ሶስት ወር አልፎን ነበር። ቅዳሜ ታክሲ ይዤ ቤቷ ሄድኩ፣ እስከ ማታ አወራን፣ አለቀ። ስለዚህ የጓደኛችሁ ፖስት ካቃጠላችሁ ላይክ አድርጋችሁ አትለፉ፣ ደውሉ።

ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ይሄ ነገር በሁለቱም በኩል ነው። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ናት፣ እኔ የሷን ሞልና ባህር ዳርቻ እያየሁ እቃጠላለሁ፣ እሷ ደሞ በፋሲካ የኛን ዶሮ ወጥ ፎቶ አይታ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ተነጋግረን ነው ሁለታችንም የሳቅነው፣ አሁን በበዓል ቀን ፎቶ መላክ ትተን በቪዲዮ እንደዋወላለን።

ስልኩን በተመለከተ አካውንታችሁን አጥፉ አልላችሁም፣ እኔም አላጠፋሁም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 143 ተማሪዎችን ይዞ ነበር፣ ግማሾቹ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ለሶስት ሳምንት እንዲጠቀሙ ተደረገ፣ ብቸኝነትና ድብርታቸው ቀነሰ። ደስ የሚለው ግን ሌላው ነው፣ እንደ ልማዳቸው ተጠቀሙ የተባሉትም ፎሞና ጭንቀታቸው ቀንሷል፣ ተመራማሪዎቹ ምናልባት ራሳቸውን መከታተል ስለጀመሩ ነው ይላሉ። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድሮይድ ከሆነ ዲጂታል ዌልቢንግ፣ አይፎን ከሆነ ስክሪን ታይም ግቡና በቀን ስንት ሰዓት እንደምትጠቀሙ እዩት፣ እኔ ሳየው 5 ሰዓት ከ40 ይላል፣ አላመንኩም ነበር። ከዛ ሚዩት። ኢንስታግራም ላይ የሰውየውን ስቶሪ ክብ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ሚዩት የሚል ይመጣል፣ እሱ አያውቅም፣ ቅያሜም የለውም። ቴሌግራም ላይ ደሞ ግሩፑን ሚዩት አድርጋችሁ አርካይቭ አስገቡት፣ ፈልጋችሁ ስትገቡ ታገኙታላችሁ፣ እሱ ግን እየጮኸ አይጠራችሁም።

የገንዘብ ፎሞ ግን ለብቻው ነው፣ እሱ ሆድ ቆንጥጦ አይተውም፣ ኪስ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ሰፈራችን «ነገ ይጨምራል» ብሎ ሱቅ ለሱቅ ሲሯሯጥ እኔም ከሰው እንዳላንስ ሁለት ካርቶን የልብስ ሳሙና ገዛሁ፣ ዘይት አልቆብኝ እኮ ነበር፣ ዘይት ግን አልገዛሁም፣ ሰው ሳሙና ሲገዛ ስላየሁ ሳሙና። ታናሽ ወንድሜ ደሞ ስክሪን በመንካት ዶላር ይገኛል የሚባለውን የቴሌግራም ጌም ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ይነካ ነበር፣ ስንት እንዳገኘ ስትጠይቁት ወሬ ይቀይራል። የኔ ህግ ቀላል ናት፦ «ዛሬ ማታ ይዘጋል»፣ «ጥቂት ቦታ ብቻ ቀረ» የሚል ነገር ላይ ብር ከማውጣቴ በፊት ሶስት ሌሊት አድርበታለሁ፣ ከዛ ያልሰማ አንድ ሰው፣ በተለይ እናቴን፣ እንዴት እንደሚሰራ አስረዳታለሁ። ማስረዳት ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው። ሶስት ሌሊት የማይጠብቅ ነገር ካመለጠኝ ያምልጠኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከፈረንጆቹ ምክር ጋር አልስማማም፣ ሁሉንም እምቢ በሉ፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ መቅረቱን አጣጥሙት የሚሉት። ካፌና ኮንሰርት ላይ ይሰራል። የቅርብ ሰው ሰርግ ላይ ግን ቢያንስ ብቅ በሉ፣ ምሳውን በልታችሁ በጊዜ ብትወጡ ማንም አይቀየማችሁም። ለቅሶ ሲሆን ደሞ ጭራሽ ጥያቄ ውስጥ አይገባም፣ ፎሞዬን እያሸነፍኩ ነው ብላችሁ ብትቀሩ የእድሩ ጸሐፊ ፎሞ ምን እንደሆነ አይጠይቋችሁም፣ ቅጣታችሁን ነው የሚጽፉት።