ድምፅ ሲዘጋ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ጉሮሮን አንድ ቧንቧ አድርጎ ማሰብ ነው። ከምላስ ሥር ወደ ታች ሁለት መንገድ አለ፤ የኋላው ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት፣ የፊተኛው አየር ወደ ሳንባ የሚያልፍበት። በአየሩ መንገድ አፍ ላይ የተቀመጠው ማንቁርት ነው። በወንዶች አንገት ላይ ወጣ ብሎ የሚታየው ጉብታ የማንቁርት የፊት ግድግዳ ነው። 9 ልም አጥንቶች ያዋቀሩት ሲሆን ውስጡ ሁለት የድምፅ አውታሮች ተዘርግተዋል። ስንናገር አውታሮቹ ተጠጋግተው ይርገበገባሉ፤ የወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ፣ የሴት 200 ገደማ። ስንውጥ ደግሞ ማንቁርት ከፍ ይላል፣ ክዳኑ ይደፋል፣ አውታሮቹም ግጥም ይላሉ። ጣትዎን ጉብታው ላይ አድርገው ምራቅዎን ይዋጡ፤ ሲነሳና ሲመለስ ይታወቅዎታል።

ይህን ያልተረዳ ሰው የተዘጋ ድምፅን በሚዋጥ ነገር ለመክፈት ይሞክራል። ማር፣ ዝንጅብል፣ ጥሬ እንቁላል፣ ፌጦ በሎሚ። አንዳቸውም አውታሮቹን አይነኩም፤ ከኋላ በኩል ያልፋሉ። ቢነኳቸው ኖሮ ትን ብሎዎት በሳል ያፈርስዎት ነበር። ማር ሳል ያስታግሳል፤ አልጠላውም (ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ግን አይሰጥም)። ሎሚና ፌጦ ቃር ላለበት ሰው ነገሩን ያባብሱበታል። አውታሮቹ ላይ በቀጥታ የሚደርሰው የምንተነፍሰው አየር ነው። ውሃም ቢሆን የሚጠቅማቸው ተጠጥቶ፣ ወደ ደም ገብቶ፣ ዞሮ ነው። ስለዚህ ድምፅዎ ከተሰነጠቀ በኋላ አንድ ጠርሙስ መጨለጥ ሳይሆን ከጠዋት ጀምሮ እየቆዩ መጎንጨት ነው የሚበጀው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ይበልጡን።

ድምፅን ለማሳረፍ ብሎ ማንሾካሾክም አያዋጣም። ብዙ ሰው ሲያንሾካሽክ፣ በተለይ ራቅ ላለ ሰው ለማሰማት ሲታገል፣ ማንቁርቱን ያጨናንቃል። ዕረፍት ማለት ዝም ማለት ነው። መናገር ግድ ከሆነ ጠጋ ብሎ በለስላሳ ተራ ድምፅ ማውራት ይሻላል። አሥር ጊዜ «እህ፣ እህ» እያሉ ጉሮሮ መጥረግም አውታሮቹን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፤ ምራቅ መዋጥ ይበቃል።

በድምፃቸው የሚያድሩ ሰዎች ስህተት ሌላ ነው። «ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው!» ሲል የሚውል ረዳት፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ዕቃውን የሚያስተዋውቅ ነጋዴ፣ ከ60 ተማሪ ጫጫታ በላይ ለመሰማት የሚጮህ መምህር ድምፁ በሻከረ ቁጥር ጩኸቱን ይጨምራል። አውታሮቹ በብዛት የሚጋጩበት ቦታ፣ ከፊት አንድ ሦስተኛው ላይ፣ በመዳፍ ላይ እንደሚወጣ የሥራ ጥጥር ያለ ትንሽ እብጠት በሁለቱም በኩል ያበቅላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ የአነጋገር ልማድን ማስተካከልና ዕረፍት ይመልሰዋል። ረዳቱ መኪናው ጥግ ሆኖ አንድ አቅጣጫ ከሚጮህ ሰዎቹ ወዳሉበት ጠጋ ቢል፣ መምህሩም በማጨብጨብ ጸጥ ካሰኘ በኋላ ቢጀምር ብዙ ያተርፋሉ።

ስለ በርጫ ሳይነሳ የድሬና የሐረር ሰው ድምፅ ነገር ጎዶሎ ነው የሚሆነው። ጫት አፍን ያደርቃል። ምርቃናው ሲመጣ ወሬው ይጦፋል። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሲጋራው ይቀጣጠላል፣ ጋያው (ጭሱ በውሃ ውስጥ አልፎ የሚሳብ የትምባሆ ማጨሻ) ይዞራል። ሰው በደረቀ አውታር፣ ጭስ እየሳበ፣ ለሰዓታት ያለማቋረጥ ያወራል። እዚህ ላይ የማይጠፋ ክርክር አለ፦ «ጋያ እኮ ውሃው ያጣራዋል»። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። ማታ ጨብሲ (ምርቃና ማብረጃ መጠጥ) ሲታከልበት ይብሳል፤ ትምባሆና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ የማንቁርት ካንሰርን አደጋ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚያደርሱት እጅግ ያንራሉ።

ሌሊቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሲመሽ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ጠገብ ተብሎ ይበላል፣ ወዲያው ጋደም ይባላል። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ወጥቶ የማንቁርቱን የኋላ ክፍል ይለበልባል። ጠዋት ድምፅ ይጎረንናል፣ ጉሮሮ ላይ የተወተፈ ነገር ያለ ይመስላል፣ ሰውየውም «ብርድ መታኝ» ይላል። በዚያ ሙቀት! እራትን ከመኝታ ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ መብላትና ራስጌን ከፍ ማድረግ ከብዙ ከረሜላ ይሻላል። ጫቱን ተዉ ብል የሚሰማኝ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ መስኮቱን መክፈትና ጋያውን ማስወጣት ግን ጨዋታውን አያበላሸውም።

ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን የማይገድለውን አሞክሲሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥም ስህተት ነው፦ ድንገተኛ የማንቁርት ብግነት ባብዛኛው ከቫይረስ ነው፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ራሱ ይለቃል።

ካልለቀቀስ? ከሁሉ የከፋው ስህተት እዚህ ጋ ነው፦ መልመድ። «ድምፄ እንዲህ ሆኖ ቀረ» ብሎ ወራት ማሳለፍ። ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረ ድምፅ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል፤ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ለነገ አይበል። በአውታሮቹ ላይ የሚነሳ ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ ድምፅን ስለሚቀይር ቶሎ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ቲቢም ማንቁርትን ይይዛል፤ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከድምፅ መሻከር ጋር ከመጡ አክታ ይመርመር፤ ይህ ዓይነቱ ቲቢ በጣም ተላላፊ ነው። የግራው የድምፅ ነርቭ ደግሞ ወደ ደረት ወርዶ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ዞሮ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ሐኪሙ ለድምፅ መጥተው የደረት ራጅ ቢያዝዝዎት አይገረሙ። ምርመራውን መፍራትም አያስፈልግም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለው ስፔናዊ የዘፈን መምህር በ1854 እ.ኤ.አ. የራሱን አውታሮች ያየው በጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን ነበር፤ ዛሬ በአፍንጫ በኩል በምትገባ ቀጭን ካሜራ በደቂቃዎች ያልቃል።

ልጆች ላይ የሚሠራው ስህተት ጊዜ አይሰጥም። የሕፃን ማንቁርት ከአውታሮቹ በታች 4 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይሰፋል፤ ዙሪያውን 1 ሚሊሜትር ካበጠ ከመተላለፊያው የሚቀረው ሩብ ነው። ልጁ አየር ሲያስገባ የሚሲር ድምፅ ካሰማ፣ ወይም እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል ይዞት ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ እንጥል ለማስቆረጥ አይውሰዱት። እንጥል ከማንቁርት በላይ የተንጠለጠለ ሥጋ ነው፤ መቁረጡ ጠባቡን ቦታ አያሰፋም፣ መድማትና ቴታነስ ግን ያመጣል። ትኩሳት ኖሮት ለሀጩ ከተዝረበረበና ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ካልሆነ መተንፈስ ካቃተው በማንኪያ ምላሱን ተጭነው ለማየት አይሞክሩ፤ እንደተቀመጠ ወደ ሆስፒታል ያድርሱት።

የባቢሌ ለውዝ ደግሞ ከየቤቱ አይጠፋም። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ለውዝ አይሰጥም። ትን ያለው ልጅ የሚያስልና የሚያለቅስ ከሆነ አየር እያለፈ ነውና ይሳል፤ አፉ ውስጥ ጣት አይክተቱ፣ ውሃም አያጠጡት። ድምፅ ካጣ ግን ወዲያው ወደ ፊት ደፋ አድርገው በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ይምቱት። ካልወጣና ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው አቅፈው ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ሁለቱን ያፈራርቁ። ከዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ሆዱን አይጫኑ፤ በሆዱ ፈንታ የሚጫኑት የደረቱን መሀል ነው። አንዳንዴ ልጁ ስሎ ስሎ ዝም ይልና ሁሉም «ተገላገለ» ይላል፤ ለውዙ ግን ወደ ሳንባ ወርዶ ይሆናል። ከቀናት በኋላ ሳልና ሲርታ ሲጀምረው አስም ወይም የሳንባ ምች ይባላል። ለውዝ በራጅ አይታይም፤ ስለዚህ ራጁ ደህና ነው ቢባሉም ልጁ በዚያ ቀን ለውዝ እየበላ ትን ብሎት እንደነበር ለሐኪሙ ሳይናገሩ አይውጡ።