ስደተኛ ሠራተኛ እንዴት ይቀጠራል? ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች

ጅግጅጋ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ፣ አሶሳ ላይ ብረታ ብረት የሚሠራ ወይም አዲስ አበባ ዳቦ ቤት የከፈተ ሰው "ሠራተኛ ጠፋ" ሲል እንሰማለን። ስደተኛ ቅጠር ቢባል ደግሞ "ሕጉ ይከለክላል" ይላል። አይከለክልም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አንቀጽ 26 ተቀጥሮ የመሥራት መብት ሰጥቷል። ግን ዝም ብሎ "ነገ ና፣ ጀምር" አይባልም።

መጀመሪያ ሥራው መኖሩን አረጋግጡ። በአዘኔታ የተፈጠረ ሥራ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው። ማሽን ቆሞ፣ ደንበኛ እየተመለሰ ከሆነ ግን ሰው ያስፈልጋችኋል ማለት ነው።

ከዚያ ባለሙያውን ፈልጉ። ለጅግጅጋ ቀብሪበያህ፣ አውበሬና ሸደር መጠለያዎች አሉ። ለአሶሳ ደግሞ ባምባሲ፣ ሸርቆሌና ጾሬ። መጠለያው ውስጥ ያለውን የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የስደተኞች ኮሚቴውንም አትርሱ፤ ማን ምን እንደሚችል ያውቃል። ሰርተፍኬት ላይ ሙጭጭ አትበሉ። ከጦርነት የሸሸ ሰው ወረቀቱን ይዞ ላይወጣ ይችላል። ማሽኑ ላይ አስቀምጡትና እጁን እዩ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የሥራ ፈቃዱ። መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። መንግሥትና ዓለም አቀፍ አጋሮች ስደተኛውንም የአካባቢውን ነዋሪም ለመጥቀም በጋራ በቀረጹት ፕሮጀክት ውስጥ የሚሠራ ስደተኛ እዚያው እንደሚሠራው ኢትዮጵያዊ ይታያል። ከዚያ ውጪ በግል ድርጅት የሚቀጠር ግን በውጭ አገር ዜጋ መስፈርት ነው የሚስተናገደው፤ ያውም ለውጭ ዜጋ በሚሰጠው የተሻለው አያያዝ። ስለዚህ የስደተኛ መታወቂያውን፣ የሥራ መደቡንና የድርጅቱን ንግድ ፈቃድ ይዛችሁ ወደ አገልግሎቱ ሂዱና የእናንተ ጉዳይ በየትኛው እንደሚያልፍ ጠይቁ። ሠራተኛው ከመጠለያ ወጥቶ ከተማ የሚኖር ከሆነ የመንቀሳቀስና የመኖሪያ ጉዳዩንም በዚያው አንሱ። ደላላ "እኔ እጨርሰዋለሁ" ካላችሁ ሽሹ።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። ሠራተኛው የሚገባው ቋንቋ ላይ አንድ ቅጂ ቢኖር ጥሩ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ መደበኛው ሥራም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው።

ደመወዝ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። መጠለያ ውስጥ ለእርዳታ ድርጅቶች የሚሠራ ስደተኛ "ኢንሴንቲቭ" የሚባል ትንሽ ክፍያ ስለሚያገኝ፣ አንዳንዱ ነጋዴ "እሱን ከሰጠሁት ይበቃዋል" ይላል። አይበቃም። ለጎኑ ሠራተኛ የምትከፍሉትን ክፈሉ። ርካሽ ጉልበት ካስገባችሁ የሰፈሩ ልጅ "ሥራዬን ወሰደብኝ" ቢል አይፈረድበትም። ከመጠለያ የሚመላለስ ከሆነ የመጓጓዣውንም አስቡት፤ ግማሽ ደመወዙ መንገድ ላይ ካለቀ ሰውየው አይቆይላችሁም።

ሥራ ሲጀምር ከአካባቢው ሠራተኛ ጋር አጣምሩት። ጅግጅጋ ላይ ከሶማሊያ የመጣው ስደተኛና የከተማው ሰው አንድ ቋንቋ ስለሚናገሩ ይቀላል። አሶሳ ላይ ከሱዳን የመጣው ዓረብኛ ተናጋሪ ግን ከአለቃው ጋር የሚያግባባው ሰው ሊፈልግ ይችላል።

በመጨረሻ የመታወቂያውና የፈቃዱ ጊዜ የሚያልቅበትን ቀን ካላንደር ላይ ጻፉ፤ ሳያልቅም ማሳደስ ጀምሩ።